አራት ሊትር ያለ ምርቃት

የሒሳብ እንቆቅልሽ የሚፈጥሩ ሰዎች ውሃ ቀድተው አያውቁም። ይህን የምለው በጥላቻ አይደለም፤ በልምድ ነው። «አምስት ሊትር የሚይዝ ዕቃና ሦስት ሊትር የሚይዝ ዕቃ አለህ፤ ሁለቱም ምልክት የለባቸውም፤ አራት ሊትር ለክተህ አውጣ» ብለው ሲጽፉ፣ ውሃው ከየት እንደ መጣ፣ ማን ተሸክሞ እንዳመጣው፣ የተደፋው የት እንደሚደፋ አንዲት ቃል አይናገሩም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕቃው አምስት ይይዛል ብሎ የማለው ማን እንደሆነ አይነግሩንም። ወረቀት ላይ ውሃ አይንጠባጠብም። ወረቀት ላይ ባዝራ አይጠማትም።

እኔ ይህን እንቆቅልሽ ያገኘሁት አሰላ በአስተማሪነት በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ የፈረንጅ መጽሔት ላይ ነው። ያኔ የሃያ አራት ዓመት ሰው ነበርኩ። እጄ የገባውን የታተመ ነገር ሁሉ አነብ ነበር፤ ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ ሳይቀር። መልሱን ብቻዬን ፈልጌ አገኘሁና ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርቼ አሳየኋቸው። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ያ ጭብጨባ ነው ያጠፋኝ። አንድ ጊዜ ሰሌዳ ፊት የተጨበጨበለት ሰው ከዚያ በኋላ ያየውን ሁሉ ሰሌዳ ያደርገዋል። ኋላ ያገኘኋቸውን ብዙ የተማሩ ሰዎች ሳይ በሽታው የእኔ ብቻ እንዳልነበረ ተረድቻለሁ፤ መጽናኛ ግን አይሆንም።

የተከራየሁት ክፍል ጋሪ የሚነዱ አንድ ሽማግሌና ወተት የሚሸጡ ሚስታቸው ግቢ ውስጥ ነበር። ሁለቱም እዚያው አርሲ ተወልደው ያረጁ ሙስሊሞች ናቸው፤ እርስ በርሳቸው በኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ይነጋገራሉ፤ ሲቆጡ ሁለቱን ይቀላቅላሉ። እሳቸውን አባባ፣ ሚስታቸውን እማማ እላቸው ነበር። እነሱ ደግሞ እንደ ቀኑ ሁኔታ አንዳንዴ «ልጄ»፣ አንዳንዴ «መምህር» ይሉኛል። «መምህር» የምባለው የሚሳቅብኝ ዕለት ነው።

አባባ አንድ ጋሪና አንዲት ዳማ ባዝራ ነበሯቸው። ሌላ ፈረስ የላቸውም፣ የሚያርሱት መሬትም የላቸውም። ጠዋት ጋሪውን ይጠምዱና አደባባዩ ላይ ተራቸውን ይዘው ይቆማሉ፤ ከገበያ ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤት ወደ ገበያ ሰው ሲያመላልሱ ይውላሉ። በመጋቢት ባዝራዪቱን እከክ ያዛት። መጀመሪያ አንገቷ ሥር ጀመራት፤ ቀጥሎ የጋሪው ጠፍር የሚያርፍበት ትከሻዋ ላይ ወጣ። ፀጉሯ እየተነቀለ ወደቀ። ሌሎቹ ባለጋሪዎች «ይቺን ይዘህ አጠገባችን አትቁም፤ የእኛንም ታስይዛለች» ብለው አባባን ከተራው አስወጧቸው። ክፋት አልነበረም፤ እነሱም ያላቸው አንድ አንድ ፈረስ ነው። አባባ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ተነሥተው ጋሪውን ይጠርጋሉ፣ መንኮራኩሩን ቅባት ይቀባሉ፣ ከዚያ አጠገቡ ተቀምጠው ይውላሉ።

አንድ ቅዳሜ የከብት ሐኪሙ ረዳት መጣ። ከሌላ ጠቅላይ ግዛት የተመደበ፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ጎልማሳ ነበረ። ባዝራዪቱን ዞሮ አየና ከቦርሳው አንድ እሽግ ዱቄት አወጣ። ዱቄቱ ግራጫ ነው፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል።

«ያለችኝ ይቺ አንዲት እሽግ ናት» አለ። «ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ወር ይፈጃል። በአራት ሊትር ውሃ በጥብጡና ገላዋን በሙሉ እጠቧት፤ ፀሐይ ላይ ቆማ ይድረቅባት። ውሃው ከበዛ እከኩ አይሞትም። ካነሰ ቆዳዋን ይልጠዋል። ልክ አራት።»

«ባይለቃትስ?» አሉ አባባ።

«ወደ ጎበሳ እየሄድኩ ነው። በሁለት ሳምንት ስመለስ አያታለሁ። ካልለቃት ከከተማ ትውጣ ብዬ እጽፋለሁ። ምን ላድርግ አባባ፣ የሌላውም ሰው ፈረስ አለ።»

«እሷ ከወጣች እኔም ወጣሁ» አሉ አባባ። የተናገሩት ለረዳቱ አልነበረም፤ ለባዝራዪቱ ነው።

በምን እንደምንለካ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ረዳቱ ግቢውን ቃኘ። አጥሩ ሥር ከጣሊያን ጊዜ የተረፈ የዘይት ቆርቆሮ ነበረ፤ በሩ አጠገብ ደግሞ እማማ ለሶላት የሚታጠቡበት ነጭ የብረት ጆግ ተቀምጧል። «ያ ቆርቆሮ አምስት ሊትር ነው፤ ዓይነቱን አውቀዋለሁ። ጆጉ ሦስት ነው» አለና ወደ በቅሎው ሄደ። እግሩን እርካቡ ላይ ካደረገ በኋላ አምስትም ሦስትም አራት አለመሆናቸው ትዝ አለው መሰለኝ፣ ዞር ብሎ አየኝ። «መምህሩ አለላችሁ አይደል?» አለና በቅሎውን ኮለኮለ።

አንድ ሽማግሌ እንጀራቸው ሊቋረጥ ሲል እኔ በዚያች ሰዓት ምን እንደ ተሰማኝ ልናገር? ደስታ። አምስትና ሦስት ይዤ አራት እንዳወጣ የሚጠይቀኝ ሰው ተገኘ። መጽሔቱ ውስጥ የነበረው ነገር እግር አውጥቶ ግቢያችን ገባ። ትምህርት ቤታችን ምልክት ያለበት አንድ የመስታወት መለኪያ ነበረው። እሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት፣ ዲሬክተሩ ቁልፉን ይዘው ኢተያ ለቅሶ ሄደው ነበር። እውነቱን ለመናገር ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ቢሆንም የምሄድ አይመስለኝም።

እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ተሰናዳ። እማማ ከምንጩ ሁለት እንስራ ውሃ አምጥተዋል። ምንጩ ቁልቁለት ላይ ነው፤ የሚወረደው በባዶ እንስራ፣ የሚወጣው በሙሉ እንስራ ነው። ይህም እንቆቅልሹ ውስጥ አይጻፍም።

«እማማ፣ አራት የሚይዝ ዕቃ የለንም» አልኩ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ፣ እንደ ክፍል ውስጥ። «አምስትና ሦስት ግን አለን። በእነዚህ ብቻ አራት እናወጣለን።»

«በቅሌ ብንሰፍረውስ?» አሉ። ወተት የሚሸጡበትን ቅል ማለታቸው ነው።

«ቅል ሊትር አያውቅም» አልኳቸው።

እማማ እንስራውን አቀረቡልኝ። እኔም ቆርቆሮውን አፉ ድረስ ሞላሁት። ከቆርቆሮው ወደ ጆጉ ቀዳሁ። ጆጉ ሞላ፤ አምስቱ ውስጥ ሁለት ቀረ ማለት ነው። ከዚያ ጆጉን አንሥቼ ውሃውን መሬት ላይ ደፋሁት።

«ምን ሆንክ?» አሉ እማማ።

«መደፋት አለበት።»

«ለምን?»

«ጆጉ ባዶ እንዲሆን።»

«ባዶ እንዲሆን ከፈለግክ ለምን ሞላኸው?»

ስድስተኛ ክፍል ሙሉ ይህን አልጠየቀኝም። አባባ ከተቀመጡበት ሳቅ አሉና «መምህር፣ እሷ እኔንም ስለ ሆዴ እንደዚሁ ነው የምትለኝ» አሉ። እማማ ግን አልሳቁም። ያ መሬት የጠጣው ውሃ ከምንጩ እስከ ግቢው በእሳቸው ወገብ የመጣ ነው። ከቤት ትልቅ ገበቴ አምጥተው አስቀመጡና «የምትደፋው እዚህ ውስጥ ይሁን» አሉ። ቀጥለውም በክንዳቸው ገፋ አደረጉኝ። «ደግሞ ወዲያ በል። ወተት ሸጦ የማያውቅ ሰው ምን ይቀዳል።»

ይህ ትክክል ነበር፤ ግማሹን ጫማዬ ላይ ነው የማፈሰው። እኔ ልዘዝ፣ እሳቸው ይቅዱ ተባባልን። እማማ ቆርቆሮውን ሞሉ። ወደ ጆጉ ቀዱ። ጆጉ ሞላ። እማማ አላቆሙም። ውሃው በጆጉ ከንፈር ተርፎ ወርዶ ቀሚሳቸውን አራሰው።

«ሞልቷል እኮ፣ እማማ።»

«አየሁት። ይሄ ምርቃቱ ነው።»

ገበያ ላይ እህልም ይሁን ወተት የሚሰፍር ሰው መስፈሪያውን ከሞላ በኋላ ትንሽ ጣል ያደርግበታል፤ ያን ነው የሚሉኝ። ብዙ ሰው ምርቃትን የደግነታችን ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል። እኔ አልስማማም። የማውቃቸው መራቂዎች አብዛኞቹ የመስፈሪያቸውን ወለል ከውስጥ በሰም አሳድገው፣ ከሰረቁት ላይ ሲሶውን በምርቃት ስም ይመልሳሉ፤ በዚያ ላይ ይመሰገናሉ። የእማማ ችግር ከእነዚያ አለመሆናቸው ነው። እሳቸው መስፈሪያቸው ሙሉ፣ ምርቃታቸውም እውነተኛ ነው። ሌባ ቢሆኑ ኖሮ ልክ በልክ ይቀዱልኝ ነበር።

«ውሃ እኮ ነው» አልኩ። «ለማን ነው የሚመረቀው?»

«ለመድኃኒቱ።»

«መድኃኒቱ ምርቃት አይፈልግም።»

«በምን አወቅክ? ሳይመረቅ የተሰፈረ ነገር ማንን ሲበጅ አየህ?» አሉና ጆጉን አስቀመጡ። «ደግሞ ሲሞላ ቀጥ ማለት የስስታም እጅ ነው። እጄ አልለመደውም።»

ቆርቆሮው ውስጥ የቀረው ሁለት ሊትር መሆኑ ቀርቷል፤ ስንት እንደሆነ አላህ ብቻ ያውቃል። እንደገና ጀመርን። በዚህኛው እማማ እየተሳቀቁም ቢሆን ከንፈሩ ላይ ሲደርስ አቆሙ። ጆጉን ወደ ገበቴው ገለበጡ። ገለበጡና ቀና አደረጉት። ወደ ውስጥ ባይ ሁለት ጣት ያህል ውሃ ተኝቷል።

«አንጠፍጥፉት እንጂ።»

«አይንጠፈጠፍም።»

«ለምን?»

«ዕቃን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ካንጠፈጠፍከው ላሟ ትነጥፋለች። እናቴ ቤት እንዲህ ነው የምናውቀው። ትንሽ ይቀራል።»

«ይሄ የወተት ዕቃ አይደለም። ይሄ የመታጠቢያ ጆግ ነው።»

«እጁ ግን ያው እጅ ነው» አሉ እማማ።

እንቆቅልሹ የቆመው በሁለት እግር ነው፤ ሙሉ ማለት ሙሉ ነው፣ ባዶ ማለት ባዶ ነው። እማማ ቤት ግን ሙሉ ማለት ሙሉና ጥቂት፣ ባዶ ማለት ጥቂት የቀረው ነው። ኋላ ይህን ታሪክ ያጫወትኳቸው አንዳንድ ወዳጆቼ «የእሳቸው አለካክ ይበልጣል፤ ሕይወት እንዲያ ነው» እያሉ ይመክሩኛል። ይሁንላቸው። እከክ ግን በምክር አይለቅም። ረዳቱ ልክ አራት ነው ያለው፤ እሽጓም አንዲት ናት።

አራተኛውን ሙከራ ያበላሸችው ባዝራዪቱ ናት። እኔና እማማ ስለ ላም መንጠፍ እንደገና እየተከራከርን ሳለ ከኋላችን መጥታ አፏን ቆርቆሮው ውስጥ ከተተችና ሁለቱን ሊትር ፉት አለችው። ውሃ እንደሚጠጣ የሚያውቅ አንድም የእንቆቅልሽ ጸሐፊ አላጋጠመኝም። ቀና ብዬ ሳይ የጭላሎ ተራራ አናት በደመና ጠፍቷል። አሰላ የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ጭላሎ ከተሸፈነ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አለ። ባዝራዪቱ ሳትደርቅ ዝናብ ከመታት ደግሞ መድኃኒቱ ታጥቦ ሄደ ማለት ነው። ያን ጊዜ ጮህኩ። ቃሉን አላስታውሰውም፤ በእናቴ ዕድሜ ባለች ሴት ላይ መጮኼን ግን አስታውሳለሁ።

 አባባ ከጋሪው ሥር ተነሥተው መጡና የባዝራዪቱን አፍንጫ በመዳፋቸው እየጠረጉ፣ «ልጄ» አሉ፣ «ባዝራዪቱ የእኔ ናት። የምትቆጣው ግን አንተ ነህ።»

አፈርኩ። ይቅርታ ጠየቅሁ። እማማ «ማሎ፣ እባክህ ተወው» አሉና ጆጉን አነሡ።

በአምስተኛው ተሳካ። እማማ ይቀዳሉ፤ እኔ ውሃው ከንፈሩን ሲነካ «በቃ» እላለሁ፤ እሳቸው ፊታቸውን ዘወር ያደርጋሉ፣ ኀጢአት እንደሚሠራ ሰው። አምስቱ ተሞላ፤ ሦስቱ ከእሱ ተቀዳ፤ ሦስቱ ገበቴው ውስጥ ተንጠፈጠፈ፣ እኔ ራሴ አንጠፈጠፍኩት። የቀረችው ሁለት ወደ ባዶው ጆግ ገባች። አምስቱ እንደገና ተሞላ። ከእሱ ላይ ለጆጉ የጎደለችው አንዲት ሊትር ብቻ ተቀዳች። አምስቱ ውስጥ አራት ቀረ። በስድስተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ እንዳደረግኩት ነው፤ ጭብጨባ ብቻ ነው የጎደለው።

እሽጓን አንሥቼ ጫፏን ልቀድ ስል አባባ ቆርቆሮው ላይ ጎንበስ አሉ።

«ይሄ አራት ነው?»

«ልክ አራት፣ አባባ።»

«ጥሩ። እንዲያው ለማወቅ ነው... ያቺ የረገጠችው ከሒሳቡ ወጥታለች ማለት ነው?»

«የረገጠችው ምን?»

«ቆርቆሮውን። ባዝራዪቱን የገዛኋት ዓመት በኋላ እግሯ ረግጣዋለች። ቂጡ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ የድሮውን ያህል አይዝም።»

እሽጓን ጋሪው ላይ አስቀመጥኩ። ውሃውን ገበቴው ውስጥ ገለበጥኩና ቆርቆሮውን አዞርኩት። ቂጡ በጡጫ እንደ ተመታ ድፎ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ ሁለት መዳፍ ያስገባል። ጠዋቱን ሙሉ አምስት ያልኩት አምስት አልነበረም። ሁለት ያልኩት ሁለት አልነበረም። አራት ያልኩትማ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ።

«ሐኪሙ አውቀዋለሁ አለ» አሉ አባባ፤ የምር ተገርመውብኛል። «አንተ ደግሞ አምስት ነው አልክ። ሁለት የተማረ ሰው አምስት ያለውን እኔ ተነሥቼ አራት ተኩል ልበለው?»

ይህን መልስ ሳስበው እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ የሚያናድደኝ ግን አባባ አይደሉም። አንድ ሰው በቅሎ ላይ ሊወጣ ሲል ቁጥር ይጠራል። ሌላው ሰሌዳ ለምዶ ቁጥሩን ይቀበላል። ቆርቆሮውን በየቀኑ የሚይዘው ሰው ቂጡ የገባ መሆኑን እያወቀ በአክብሮት ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ በኖርኩባቸው መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ይህን ቆርቆሮ አግኝቼዋለሁ። አገላብጦ ያየው ሰው ግን ብርቅ ነው፤ እኔም ያን ጠዋት አላገላበጥኩም።

ጋሪው ላይ ተቀመጥኩ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ደመናው ከጭላሎ ወርዶ የከተማውን ባሕር ዛፎች ሊነካ ነው።  እማማ ጠጋ ብለው፣

«ቅሌን ላምጣ?» አሉ። «ወይስ አሁንም ሊትር አያውቅም?»

«ምን ያህል ይይዛል?»

«ሁለት ሊትር።»

«በምን አወቁ?»

«ለዳኛው ቤት ወተት የምወስደው በእሱ ነው። የዳኛው ሚስት ከአዲስ አበባ የመጣች ናት፤ ቅል አታምንም። መስመር ያለበት የመስታወት ዕቃ አላት። በየጠዋቱ ወተቴን እዚያ ገልብጣ ጎንበስ ብላ መስመሩን ታያለች። ቅሌ ውስጥ የማስቀራትን ጥቂት ከሌላ ቅል ስተካላት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ልክ ሁለት ላይ ነው የሚቆመው፤ አንድ ቀን ወርዶባት አያውቅም። ምርቃቱን ከዚያ በኋላ ነው የምጨምርላት፣ ከዚያው ከሌላው ቅል።»

«ስለዚህ ሁለት ቅል ማለት...» አልኩና ተውኩት።

«እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም» አሉ እማማ። «ሁለትና ሁለት ግን አራት ይመስለኛል።»

አባባ ፊታቸውን ወደ ባዝራዪቱ አዙረው ቆመዋል። ትከሻቸው ይነቃነቅ ነበር፤ የሚሳል ሰው ትከሻ አይደለም።

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አሉ?»

«ጠዋት ነገርኩህ አይደል? ቅል ሊትር አያውቅም አልከኝ። ከዚያ በኋላማ ውሃ መገልበጥ የምትወድ መሰለኝ።»

ቅሉ መጣ። እማማ አጠቡት። ነገር ግን እንደ ጆጉ ቀላል አልሆነም፤ ይሄኛው እውነተኛ የወተት ቅል ነው። አፉ ድረስ ሞልቶ ቀጥ ማለት ያስፈልጋል፤ ይባስ ብሎ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ መገልበጥ ያስፈልጋል። በጆጉ ጊዜ እጃቸው ነበር የሚፈራው፤ አሁን የሚፈሩት ላሟን ነው። ያላቸው አንዲት ላም ናት። ቅሉን ታቅፈው ቆሙ። ጠዋት «አንጠፍጥፉት» ብዬ ስጨቀጭቃቸው የነበርኩት ሰው አሁን አፌን ከፍቼ መናገር አቃተኝ።

እማማ የባዝራዪቱን ትከሻ አዩ፤ ፀጉር የሌለበትን፣ ቀይ ሆኖ የቆሰለውን። ከዚያ ባላቸውን አዩ። አባባ በኦሮምኛ ቀስ ብለው አንድ ነገር አሉ፤ እኔ የያዝኩት «ማሎ» የምትለዋን ብቻ ነው። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅሉን ሞሉ፤ አፉ ላይ ሲደርስ አቆሙ። ቆርቆሮው ውስጥ ገለበጡት። ውሃው ካለቀ በኋላም እንደ ተገለበጠ ይዘው ቆዩ፤ ከከንፈራቸው «አስተግፊሩላህ» ስትወጣ ሰማሁ፤ ቂጡን በመዳፋቸው ሁለቴ መታ መታ አደረጉት። አንዲት ጠብታ ወደቀች። ሌላ ጠበቁ፤ አልመጣችም። እንደገና ሞሉ። እንደገና ገለበጡ። ሥራው ሁሉ የፈጀው ቡና እስኪፈላ እንኳ አይሆንም። እኔ ሦስት ሰዓት ሙሉ የለፋሁበት ነው።

ዱቄቱን በጠበጥን። እጃችንን በጨርቅ ጠቅልለን ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ አጠብናት። ለሁሉም ገላዋ በቃ፤ ቆርቆሮው ውስጥ የቀረው ጭቃ ብቻ ነበር። ፀሐይ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየችልን። ዝናቡ ሲጥል ሆዷ ሥር ገና አልደረቀም ነበር፤ የእሷ መጠለያ ደግሞ ያፈሳል። ግቢው ውስጥ የማያፈስ ጣሪያ ያለው የእኔ ክፍል ብቻ ስለሆነ እዚያ አስገባናት። እስኪያባራ ድረስ መጽሐፎቼን አንድ በአንድ እያሸተተች ቆየች። ያን መጽሔት ከመደርደሪያው ጎትታ ብትበላው አልከለክላትም ነበር፤ ግን አልፈለገችውም።

ረዳቱ ባለው ጊዜ ከጎበሳ ተመለሰ። አባባ ያን ጠዋት ከወትሮው ቀደም ብለው ተነሥተው ባዝራዪቱን ጥላ ውስጥ ሳይሆን ፀሐይ ላይ አቁመዋት ነበር፣ የበቀለው ፀጉር እንዲታይ። ረዳቱ ትከሻዋን ዳሰሰ፣ አንገቷን ገልጦ አየ፣ ጆሮዋን አየ። አባባ እጁን በዓይናቸው ይከተላሉ።

«ለቋታል» አለ። «ከነገ ጀምሮ ተራ ላይ ትቁም። ሰው ከጠየቀ እኔ ነኝ ያልኩት በሏቸው።»

አባባ ጠፍሩን ከግድግዳው አወረዱና እዚያው እኛ ቆመን ሳለ ጋሪውን ጠመዱ፤ ነገ እስኪመጣ አልጠበቁም።

ረዳቱ ወደ እኔ ዞሮ «አየህ መምህር፣ አምስትና ሦስት ብዬህ አልነበር? ልክ ሆነ» አለኝ። ቆርቆሮውን አንሥቼ ቂጡን ላሳየው ጎንበስ ስል እማማ ክንዴን ያዙኝ። «እንግዳ ነው፤ ይሂድ» አሉ በዝግታ። ሄደ። እስከ ዛሬ የሆነ ቦታ ሆኖ፣ አምስት ያልሆነን ቆርቆሮ አምስት ነው እያለ በቅሎ ላይ የሚወጣ ይመስለኛል።

ላሟ አልነጠፈችም። እማማ ግን ለማንኛውም ብለው ለሳምንት ያህል ቅሉ ውስጥ የሚያስቀሩትን ከወትሮው እጥፍ አደረጉት፤ የዳኛው ሚስት ወተቱ ከመስመሩ ወረደ ብላ እንደ ተቆጣች ኋላ ሰማሁ።

እኔን ያገኘኝ ሌላ ነው። ከእማማ በየጠዋቱ አንድ ኩባያ ወተት እወስድ ነበር። ኩባያዬን ይሞሉና ትንሽ ይጠብቃሉ፤ አረፋው ሲወርድ ከላይ ምርቃቷን ጨመር ያደርጋሉ። ገና ትኩስ የሆነችው፣ ከንፈሬን ነጭ የምታደርገው ያቺ ጭማሪ ነበረች። ባዝራዪቱ ወደ ተራዋ በተመለሰች ማግስት ኩባያዬን ይዤ ሄድኩ። እማማ ሞሉልኝ። አፉ ላይ ሲደርስ ቀጥ አሉ፤ ያኔ እንዳስተማርኳቸው። ቅሉን መልሰው ከደኑት።

ቆሜ ጠበቅሁ። «እማማ፣ ምርቃቱስ?»

«አንተ ልክ ነው የምትወደው» አሉኝ። የተቆጡ አይመስሉም ነበር፤ የሰውን ጠባይ አውቆ የሚያከብር ሰው ፊት ነው የነበራቸው። ያን ሁሉ ስለ ምርቃት የማስበውን፣ ስለ ሰሙና ስለ ሲሶው፣ ልነግራቸው ፈለግሁ፤ ከዚያ ደግሞ አሁን የምለምነው ያንኑ እንደሆነ አሰብኩና ተውኩት። ከአሰላ እስክዛወር ሁለት ዓመት ተኩል ቀርቶኝ ነበር። ወተቴን እስከዚያው ድረስ በልኩ ጠጣሁ።